መርካቶ በእኔ ድምፅ ሲጮህ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ እጄ የጻፈው ቢኖር በካርቶን ቁራጭ ላይ «ባለ ሁለት ሜትር»፣ «የሕፃን» የሚል ብቻ ነው፤ እሱንም ከብርድ ልብሱ ላይ በስፒል አስይዘዋለሁ። ስለዚህ አጻጻፌ ቢወላገድ አትፍረዱብኝ። የማንንም ስም አልጠራም። ባልጠራም የእኛ መደዳ ሰዎች ካነበቡት ማን ማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ የማያውቅ ሰው ደግሞ ባያውቅም አይጎዳም።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ልናገር። እኔ ዓይን አፋር ነኝ። ትንሽ አይደለም፣ በጣም። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስለማልችል ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ አብሬው እወርዳለሁ፤ አንዳንዴ መንገዱን በእግሬ እመለሰዋለሁ። ትምህርት ቤት እያለሁም መልሱን እያወቅኩ እጄን አላወጣም ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያለችው ልጅ ናት መርካቶ ውስጥ ሱቅ በር ላይ ቆማ ገበያ እንድትጠራ የተቀጠረችው።

የቀጠሩኝን ሴትዮ እትዬ እላቸዋለሁ። የእናቴ የአገር ልጅ ናቸው። ከአንዋር መስጊድ ወደ ታች ሲወረድ አንሶላና ብርድ ልብስ የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። ቤታቸው መሳለሚያ ነው፤ እኔም የማድረው እዚያው እሳቸው ጋ ነው። እናቴ ስታስረክበኝ «ዝም የምትል ልጅ ናት» ብላቸው ነበር፤ እትዬ እንደ ሙገሳ ነው የሰሙት። በሦስተኛው ቀን በር ላይ አቁመውኝ በይ ጥሪ አሉኝ። እኔም አንዴ «አንሶላ» አልኩ። ስታልፍ የነበረች ሴት ዘወር ብላ ምን አልሺኝ ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አላልኩም አልኳት። እትዬ ይህን ከውስጥ ሆነው ሰምተዋል።

ቢሆንም አላባረሩኝም። እጥፋት እችላለሁ፤ እኔ ያጠፍኩት አንሶላ ከፋብሪካ የወጣ ነው የሚመስለው። ጥሪውን ራሳቸው ቀጠሉ። የሳቸው ድምፅ ግን ብዙ ዓመት ገበያ ሲጠራ ኖሮ ሻክሯል፤ «ኑ ግቡ» ሲሉ የተጣላቸውን ሰው የሚጠሩ ይመስላል።

ያን ሰሞን መርካቶ ውስጥ በድምፅ ማጉያ መጥራት እየተለመደ ነበር። በእጅ የሚያዝ ቀይ ሜጋፎን ነው፤ የተቀዳ ድምፅ በሚሞሪ ይገባበታል፣ ከዚያ ባትሪው እስኪያልቅ ያንኑ ደጋግሞ ይጮሃል። ውኃ አይጠማው፣ ምሳ አይወጣ። እትዬም አንድ ገዙና የራሳቸውን ድምፅ አስቀዱበት። ሲከፈት በሩ ላይ ቆመው የነበሩ ሁለት ሰዎች ገለል አሉ። ማዶ ካለው ሕንፃ መግቢያ ላይ ስልክ የሚጠግነው ሰውዬ፣ ቅጂውን የሠራው እሱ ነው፣ የልጅ እግር ሴት ድምፅ ያስፈልጋል አለ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ጭንቅላቴን አወዛወዝኩ። እትዬ ግን ዕቃ ቤት ግቢና ብቻሽን ቅጂው፣ ማንም አያይሽም አሉና ስልካቸውን ሰጡኝ።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ብርድ ልብሶቹ እስከ ጣሪያ ተከምረዋል። ማንም እንዳይሰማኝ ብዬ ክምሩ ሥር ገባሁና ሦስት ብርድ ልብስ ራሴ ላይ ጎተትኩ። ጨለማ ነው፤ ይሞቃል። ስልኩን አፌ ላይ አድርጌ የሚከተለውን አልኩ፦

«ኑ ግቡ! ለስላሳ አንሶላ! ለሙሽራ፣ ለአራስ፣ ለእንግዳ! ነክተው ይለፉ፣ አይተው ይለፉ!»

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። እዚያ ውስጥ ሆኜ ሳወራ ትንሽም አላፈርኩም፤ እንዲያውም መጨረሻ ላይ ሳቅ ብያለሁ፣ ሳቁም ተቀድቷል። ጠጋኙ ሲሰማው በስቱዲዮም እንዲህ ጥርት ብሎ አይወጣም አለ። ብርድ ልብሱ የውጭውን ጫጫታ ሁሉ ውጦት ኖሯል።

እዚህ ላይ እትዬ ስልክ እንዴት እንደሚጠቀሙ መናገር አለብኝ። እትዬ ፊደል አልቆጠሩም። ይህን ለማንም አይሉም፤ ወረቀት ሲመጣላቸው መነጽራቸውን ያወጣሉ፣ አርቀው ያዩታል፣ ከዚያ ዓይኔ ደከመ ብለው ለእኔ ይሰጡኛል። ስልክ ላይ ሰውን የሚለዩት በፎቶው ነው። ጽጌረዳዋ ልጃቸው ናት። አንበሳው ጅምላ አከፋፋዩ ነው። ጠጋኙ ነጭ መኪና ነው፤ መኪና የለውም፣ ፎቶው ግን መኪና ነው። የዚያን ዕለት እትዬ ድምፄን ለጠጋኙ ላኩለት። አልደረሰኝም አለ። አጉረምርመው እንደገና ላኩ፤ ደረሰው። እኔም አንሶላዬን ወደ ማጠፍ ተመለስኩ።

ሜጋፎኑ በር ላይ ተሰቀለ፤ እኔ ውስጥ ሆኜ አጥፋለሁ፣ ድምፄ ውጭ ሆኖ ይጠራል። መጀመሪያ ሰሞን ጆሮዬን እሸፍን ነበር። ገበያው ግን መጣ። ሰዎች እየገቡ ያቺ የምትስቀዋ የታለች ይላሉ፤ እትዬ በአገጫቸው ወደ እኔ ሲያሳዩ ሰዎቹ ትንሽ ያዩኝና እንደተቀለደባቸው ቆጥረው ወደ አንሶላው ይዞራሉ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፊት ለፊታችን ያለው ሱቅ በእኔ ድምፅ መጥራት ጀመረ። የሱቁ ባለቤት እንደኛው አንሶላ ሻጭ ነው፤ ቀልደኛ ሰው ነው፣ ከእትዬ ጋር ግን አይዋደዱም። በሁለቱ ሱቆች መሃል ሲታለፍ እኔ ከግራም ከቀኝም እስቃለሁ፣ ትንሽ ተቀዳድሜ። ቀጥሎ ጫማ ቤቱ። ቀጥሎ ድስትና ሰሃን የሚሸጡት ሴትዮ። ቀጥሎ ቅመም ቤቶቹ። ማንም ቃሉን አልቀየረውም። ድስት የተደረደረበት ሱቅ በር ላይ «ለስላሳ አንሶላ» ይላል። ድምፁ ገድ አለው ከተባለ ማን ይነካዋል።

ባለ ድስቷ ሴትዮ መጀመሪያ ላይ ተቸግረው ነበር። የሚገባው ሰው ሁሉ አንሶላ የታለ ይላቸዋል። ድምፁን ሲያጠፉት ደግሞ የሚገባ ሰው የለም። መልሰው ከፈቱት፤ ሰው አንሶላ ሲል ቢሰለቻቸው አንሶላ አስገቡ። ጫማ ቤቱም አስገባ። ቅመም ቤቱም አስገባ፤ የእሱ አንሶላ እርድ እርድ ይሸታል ተብሎ እንኳ ተሸጠ። በአንድ ወር ውስጥ በእኛ መደዳ ድስት የሚፈልግ ሰው ሌላ ሰፈር መሄድ ነበረበት።

ከዚያ ጠጋኙ የሆነ አፕ አገኘ። የሰው ድምፅ ይሰጡታል፣ የፈለጉትን በፈለጉት ቋንቋ ያናግረዋል። አንድ ቀን መስጊዱ አጠገብ ሳልፍ እኔ ዓረብኛ ስናገር ሰማሁ። ጥርት አድርጌ ነው የምናገረው። አንድ ሽማግሌ ቆመው ካዳመጡኝ በኋላ በዓረብኛ መለሱልኝ። ምን ብዬ ምን እንዳሉኝ ማወቅ ፈልጌ ነበር፤ ግን ሰው መጠየቅ አፈርኩ። ስልጥኛም ጀመርኩ፣ ኦሮምኛም። በአማርኛ ሦስት ቃል የማልጨርሰው እኔ፣ በአራት ቋንቋ እነግዳለሁ።

የባሰው እናቴ ናት። አገር ቤት፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ ፒክአፕ መኪና ላይ የተሰቀለ ሞንታርቦ በእኔ ድምፅ ሲጠራ ሰማች። መኪናውን ተከትላ እስከ ወንዙ ድረስ ሄዳለች። ውስጡ ሹፌሩ ብቻ እንደሆነ ሲነግሯትም አላመነችም። ደወለችልኝና «እዚህ ድረስ መጥተሽ እናትሽን ሳታዪ ትመለሻለሽ?» አለችኝ። አልመጣሁም ብዬ በቀስታ ሳስረዳት፣ ለማያውቁሽ ሰዎች ትጮሂያለሽ፣ ለእኔ ሲሆን ታንሾካሽኪያለሽ ብላ ስልኩን ዘጋችው።

እዚህ ድረስ ያለውን ስናገር ሰው ይስቃል። እትዬ ግን አይስቁም ነበር። ደንበኞቻቸው ተበተኑ፤ ሁሉም ሱቅ አንሶላ ሲሸጥ ማን ወደ ማን ይሄዳል? ድምፁ ከማን እጅ ወጣ የሚለው ያንገበግባቸው ጀመር። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ካርቶን ስጎትት ያ የፊት ለፊቱ ጎረቤታችን አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ሰጥቶኝ ነበር። አልፈልግም ማለት አፍሬ ጠጣሁት። እትዬ አይተዋል። አሁን ያ ለስላሳ ትዝ አላቸውና ድምፁን የሸጥሽለት አንቺ ነሽ አሉኝ።

እኔ ስፈራ ቃል አይወጣኝም። ዝም ስል ደግሞ ጥፋተኛ እመስላለሁ። ዝም አልኩ። ጉዳዩ ዓርብ በሽማግሌ እንዲታይ ወሰኑ፤ አንቺ ሆነሽ ከተገኘሽ ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ተራ ወስጄ ወደ እናትሽ እጭንሻለሁ አሉ። እንደማይቀልዱ አውቃለሁ። ወደ አገሬ መመለሱ አይደለም የከበደኝ፤ ሌባ ተብዬ መመለሱ ነው። እናቴ ያስረከበቻቸው ዝም የምትል ልጅ ናት ብላ ነው፣ ዝም ብላ የምትሰርቅ ልጅ አላለችም።

ዓርብ ደረሰ። በጁምዓ ሰዓት ድምፅ ማጉያዎቹ ሁሉ ይጠፋሉ፤ መንገዱ እስከ እኛ በር ድረስ በሚሰግድ ሰው ይሞላል። ያኔ ብቻ ነበር ከእኔ ድምፅ የማርፈው። ከሰላት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የጨርቅ ነጋዴ የነበሩ አሮጌ ሐጂ፣ ሌላኛው ራጉኤል አጠገብ ብረታ ብረት የሚሸጡ ጋሼ። በሠፈሩ የግድግዳም የድንበርም የሽርክናም ጠብ ሲነሳ የሚጠሩት እነሱ ናቸው። ብርድ ልብስ ቦንዳ ላይ ተቀመጡ። ጎረቤታችን፣ ጠጋኙና ባለ ድስቷ ሴትዮም አሉ። ሜጋፎኑን ከበሩ አውርደው በርጩማ ላይ አስቀመጡት፤ እኔን አጠገቡ።

ሐጂ የዕቃ ሌብነት ብዙ ዳኝተዋል፣ የድምፅ ግን የመጀመሪያቸው እንደሆነ ተናገሩ። የተሰረቀ ነገር ከባለቤቱ ዘንድ የጎደለ መሆን አለበት አሉ። ስለዚህ መጀመሪያ መጉደሉ ይጣራ። ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ድምፅሽ አለ ወይስ የለም?» አሉኝ።

ሁሉም አየኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም።

«ይኸው፣ የለም» አሉ ጋሼ። ተሰርቋል ማለት ነው ተባለ።

ጎረቤታችን ተነሳ። ይህ ድምፅ ከመነሻው የዚች ልጅ አይደለም፣ ከቻይና ከማሽኑ ጋር የመጣ ነው አለ። ማስረጃ ሲጠየቅ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ፊት ለፊቴ ናት፤ እንደምን አደርክ ስትለኝ ሰምቼ አላውቅም። ይሄኛው ግን ከጠዋት እስከ ማታ ይስቅልኛል» አለ። ባለ ድስቷ ሴትዮ እውነቱን ነው፣ እኔም ስትናገር ሰምቼ አላውቅም አሉ። ልንፈትናት ነው ተብሎ ሜጋፎኑ አንዴ ተከፈተና «ለስላሳ አንሶላ!» አለ፤ ከዚያ ተዘጋ፤ አሁን አንቺ በይ አሉኝ። እንደምንም «አንሶላ» አልኩ። ሐጂ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ድገሚው አሉ። ደገምኩ። ጋሼን ምን አለች ብለው ጠየቋቸው። ጋሼ ውኃ ነው መሰለኝ የጠየቀችው አሉ፤ ውኃ መጣልኝ።

ነገሩ ድምፁ የእኔ አይደለም ወደ ማለት እያጋደለ ነበር። እትዬ ግን የመጀመሪያው ቅጂ ስልኬ ላይ አለ፣ ሳቋም አለበት፣ ይሰሙ አሉ። ስልኩን ሰጡኝ። ነጩን መኪና ነካሁ።

ነጭ መኪና ሁለት ነው።

አንደኛው ጠጋኙ ነው። ሌላኛው የእትዬ እቁብ ግሩፕ ነው። ያን ሰሞን እቁብ የደረሳቸው አንድ አባል መኪና ገዝተው ግሩፑ በደስታ የመኪናውን ፎቶ ለጥፎት ኖሯል። ድምፄ እዚያ ተቀምጧል፤ ከዚሁ ከእትዬ ስልክ የተላከ፣ በዚያ አልደረሰኝም በተባለበት ቀን። ከሥሩ የተጨባበጡ እጆች፣ አበባዎች፣ «እናመሰግናለን እትዬ» የሚሉ መልእክቶች። መርካቶ ውስጥ ስንት ነጋዴ እዚያ ግሩፕ ውስጥ እንዳለ እኔ አላውቅም። ጎረቤታችን ከሌላ እቁብ ስለሆነ ከምንጩ አላየውም፤ ሐጂ የአዝራር ስልክ ነው የሚይዙት።

እትዬ አንገታቸውን አስግገው «አገኘሽው?» አሉኝ።

ብናገር ሰው ፊት ማፈራቸው ነው፤ ያውም በዚያ በሚደብቁት ነገር። ባልናገር ቅዳሜ ሌባ ሆኜ አውቶቡስ ላይ ነኝ። ደግሞስ ብናገር በምን አፌ? ብድግ ብዬ ወደ ዕቃ ቤቱ አመለከትኩ። አሟት ነው ተባለ። ገብቼ ክምሩ ሥር ተሸጎጥኩ፤ ሦስት ብርድ ልብስ ጎተትኩ፤ ስልኩን አፌ ላይ አደረግኩ። ጨርሼ ስወጣ ለጠጋኙ ሰጠሁት። እሱም ቅጂ ሲሰጡት የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ወደ ሚሞሪው አስገብቶ ሜጋፎኑን ከፈተው። እኔ አጠገቡ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

«ሐጂ፣ ጋሼ» አለ ሜጋፎኑ፣ «ድምፁ የእኔ ነው። ለማንም አልሰጠሁም። እትዬ ለጠጋኙ ሲልኩ ተሳስተው ለእቁቡ ግሩፕ ልከውት ነው። የሁለቱም ፎቶ ነጭ መኪና ነው። ማንም ቢሆን ይሳሳታል። ለስላሳውን የጠጣሁት እምቢ ማለት አፍሬ ነው።»

ሁሉም ወደ እትዬ ዞረ። ከዚያ ሜጋፎኑ «ሐጂ፣ ጋሼ፣ ድምፁ የእኔ ነው» ብሎ እንደገና ጀመረ።

ማጥፊያውን የሚያልፍ ሰው ሁሉ እየነካ ስላስቸገረ እትዬ ራሳቸው በፕላስተር አሽገውታል። ጠጋኙ ፕላስተሩን በጥፍሩ ሲታገል እኔ ለሦስተኛ ጊዜ ለስላሳውን እንደጠጣሁ አመንኩ። ከሰላት የወጣው ሰው በር ላይ ተሰበሰበ። አራተኛው ላይ አንዲት ሴት አንገቷን አስገብታ ነጩ መኪና ስንት ነው ብላ ጠየቀች። ስድስተኛው ላይ ሐጂ ጃኬታቸውን አውልቀው ሜጋፎኑን ሸፈኑት፤ ከጃኬቱ ሥርም መናገሬን አላቆምኩም። ብርድ ልብስ ተደረበበት፣ ያኔ ነው ፀጥ ያለው።

ባለ ድስቷ ሴትዮ የራሳቸውን ስልክ አውጥተው አዩና እትዬን፣ እኛ እኮ የላክሽልን ስጦታ መስሎን ነው፣ አበባም ልኬልሻለሁ አሉ። ጎረቤታችን እኔም ሚስቴንና የቤት አከራዬን በፎቶ ተሳስቼ ያልሆነ ነገር ልኬ አውቃለሁ ብሎ ሳቀ፤ ሰዉም አብሮት ሳቀ። እትዬ አልሳቁም። ጥፋቱ የመኪናው ነው አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ማሽን የእቁብ ነገር ሊያውቅ ስለማይችል ድምፁ የልጅቷ ነው ተባለ። አንዴ ገበያ የወጣ ድምፅ ግን እንደ ዕቃ አይሰበሰብም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሱቅ ለልጅቷ ዋጋዋን እየሰጠ በትክክለኛ ዕቃው እንደገና ያስቀዳ፣ ድስት ሻጭ ድስት፣ ጫማ ሻጭ ጫማ። እትዬም ልጅቷን ይቅርታ ይበሉ። እትዬ እሺ አሉ፤ ይቅርታውን ግን ያኔ አላሉም። ጎረቤታችን ሊወጣ ሲል እንደምን ዋልሽ አለኝ፤ እኔም አንገቴን ነቀነቅኩ።

ወደ ቤት በእግር ነው የሄድነው። እትዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። እስከ መሳለሚያ ወደ ኋላ ዞር አላሉም። ሌባ አለመሆኔ ታውቋል፤ ግን ቀጣሪዬን በድምፅ ማጉያ ስድስት ጊዜ አሳፍሬያለሁ፣ ይህን የትኛዋ ሴት ትችላለች? ልብሴን በየትኛው ፌስታል እንደምሸክፍ እያሰብኩ ነበር። ለእናቴ ምን እንደምላትም።

በሩ ጋ ስንደርስ ቁልፉን አላወጡም። ዞር ብለው መንገዱን ወዲያና ወዲህ አዩ፤ ሰው አልነበረም። ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው በነጠላቸው ጫፍ መስተዋቱን ጠረጉትና መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

«ከነገ ጀምሮ አንቺ ያዢልኝ» አሉኝ፣ «ሰው ፊት ግን የማነበው እኔ እንደሆንኩ አስመስዪ።»